አዲራሳም አንዴ ድንጋይ፣ አንዴ አሸዋ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቶቻችን ከደቡብ ሕንዷ ግዛት ከታሚል ናዱ የመጡ መምህራን ናቸው። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ወስጄላቸው ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ለዲፓቫሊ በዓላቸው አዲራሳም የሚባለውን በዘይት የሚጠበስ የሩዝ ጣፋጭ ሠርቼ ልወስድላቸው አሰብኩ። ቼናይ የምትኖር ሴት የጻፈችውን አሠራር ተከተልኩ። ከሱቅ የገዛሁትን የሩዝ ዱቄት ተጠቅሜ የጃገሪውን (ያልተጣራውን የሸንኮራ አገዳ ስኳር) ሽሮፕ እንደተባለው በቴርሞሜትር 114 ዲግሪ ሳደርሰው ሊጡ በማግስቱ ቢላ የማይበግረው ድንጋይ ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ሽሮፑን ቶሎ አወረድኩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘይት ውስጥ እንደገባ ተበተነ። ችግሩ ከሩዙ ነው? የስንዴ ዱቄት ልጨምርበት? በንጥር ቅቤ ብጠብሰውስ? በበዓሉ ዕለት ጠዋት ሠርቼ መውሰድ ይቻላል?»

መልስ፦ ሁለቱ ሙከራዎች የተበላሹት በተለያየ ምክንያት ነው፤ ከአንዱ ሲሸሹ ሌላው ላይ ወደቁ። የመጀመሪያው ድንጋይ የሆነው ሽሮፑ ከልክ በላይ በመብሰሉና ዱቄቱ ደረቅ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው የተበተነው ሽሮፑ ውስጥ ብዙ ውሃ ስለቀረ ነው። የስንዴ ዱቄት የሁለቱንም ምንጭ አይነካም። በበዓሉ ጠዋት መሥራትም አይቻልም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አዲራሳም ሩዝና ጃገሪ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጣፈጫ ነው። እንቁላል፣ እርሾ፣ ቤኪንግ ፓውደር የለውም። እኛ ከለመድነው ሊጥ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚያያይዘው የስንዴ ሙጫ ሳይሆን እርጥብ የሩዝ ዱቄት ከትኩስ ሽሮፕ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው መጣበቅ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ከደረቀ ወይም ሽሮፑ ልኩን ከሳተ በኋላ የሚደረግ ማሻሻያ ብዙም አያድነውም። ጣፋጩ የቆየ ነው፤ በቪጃያናጋራ መንግሥት ዘመን (ከ14ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዘመን) በተጻፉ የደቡብ ሕንድ የቤተ መቅደስ ጽሑፎች ውስጥ ለአምላክ ከሚቀርቡ ምግቦች መካከል ስሙ ይገኛል። የታሚሎች ጎረቤት የሆኑት ቴሉጉ ተናጋሪዎች አሪሴሉ ብለው በጥር ወር ለሳንክራንቲ፣ ለመከር በዓላቸው፣ ይሠሩታል፤ በሌላዋ የደቡብ ሕንድ ግዛት በካርናታካ ካጃያ ይባላል። ሰሊጥ ወይም የፖፒ ፍሬ በመጨመርና በመተው ይለያያሉ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው።

ከቴርሞሜትሩ ልጀምር፤ ትልቁን ጥፋት የሠራው እሱ ነው። አሠራሩን የጻፈችው ሴት አልተሳሳተችም፤ ቼናይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፣ ውሃ እዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሽሮፕ ሙቀት የሚነግረን ውስጡ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው፤ የሚቆጠረውም ውሃ ከሚፈላበት ነጥብ ተነሥቶ ነው። ቼናይ ላይ 114 ማለት ከመፍላት 14 ዲግሪ ከፍ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ 114 ግን ከመፍላት 22 ዲግሪ ከፍ ያለ ነው፤ ይህ በቼናይ ከ122 ጋር እኩል ነው። በዚያ ደረጃ ሽሮፑ ሲበርድ ጠንካራ ከረሜላ ወደ መሆን ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በራስዎ ቴርሞሜትር ንጹሕ ውሃ አፍልተው ቁጥሩን ያንብቡ፤ በዚያ ላይ ከ12 እስከ 14 ይጨምሩ። አዲስ አበባ ላይ ከ104 እስከ 106 አካባቢ ይመጣል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ቴርሞሜትሩን ምስክር ያድርጉት እንጂ ዳኛ አያድርጉት። ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ጃገሪ የሚሠራ ሽሮፕ ድስቱ ሥር ስስ ሆኖ ስለሚተኛ የቴርሞሜትሩ ጫፍ በደንብ አይሰምጥም፤ የድስቱን ሥር ከነካ ደግሞ የሚያነበው የብረቱን ሙቀት ነው። ከዚህም በላይ ጃገሪ ንጹሕ ስኳር አይደለም፤ ከሸንኮራ አገዳው የመጡ ሌሎች ስኳሮችና ማዕድናት ስላሉት ከአንዱ ጥፍጥፍ ወደ ሌላው ጠባዩ ይለያያል። የታሚል እናቶች የሚያምኑት አንድ ሰሃን ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው።

ወደ ሩዙ ልግባ። ከሱቅ የተገዛው ዱቄት የተፈጨው ከደረቅ ሩዝ ነው። እንዲህ ያለ ዱቄት ሽሮፑ ውስጥ ሲገባ እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይመጥጠዋል። ሊጡ መጀመሪያ ልኩን ያገኘ ይመስላል፤ ሌሊቱን ግን ዱቄቱ መጠጣቱን ስለሚቀጥል ጠዋት ላይ ይደርቃል። የሱቁን ዱቄት ውሃ ረጭቶ ማራስም አይተካውም፤ ተነክሮ ከውስጥ የለሰለሰ ፍሬ ሲፈጭ የሚሰጠው ለስላሳ ዱቄት ሌላ ነው። ስለዚህ ሩዙን ነክረው ራስዎ ይፍጩት። የሚያስፈልገው ጥሬውን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ነው፤ ታሚሎች ፓቻሪሲ የሚሉት። ተቀቅሎ ደርቆ የተፈተገው፣ ፍሬው ቢጫ የሚልና መስታወት የመሰለው፣ አይሆንም፤ ስታርቹ አስቀድሞ ስለበሰለ ሽሮፑን አይዝም። ባስማቲም ሽታውም ድርቀቱም አይስማማውም፣ ዋጋውም በከንቱ ይወጣል። ከጥሬ ነጭ ሩዝ አጭሩንና ወፍራሙን ይምረጡ፤ የፎገራ ሩዝ ካገኙ ሳይቀቀል የተፈተገ መሆኑን ጠይቀው ይግዙ።

500 ግራም ሩዝ ውሃው እስኪጠራ አጥበው ለ3 ሰዓት ይንከሩት። ከዚያ በወንፊት በደንብ አንጠፍጥፈው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ በጥላ ሥር ያስጡት። እዚህ ላይ አሠራሩ «አንድ ሰዓት» ብሎዎት ከሆነ አይከተሉት። ዲፓቫሊ የሚውልበት ወቅት በታሚል ናዱ የሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን ዝናብ የሚያመጣበት ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሩዙ ቶሎ አይደርቅም። እኛ ጋ ግን የጥቅምት ነፋስ ነው፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያደርቀዋል። በየ5 ደቂቃው በእጅዎ ይንኩት፤ መዳፍዎን ጫን አድርገው ሲያነሡ ጥቂት ፍሬዎች ተጣብቀው ከቀሩ፣ መዳፍዎ ላይ ግን የውሃ ጠብታ ከሌለ ደርሷል። ሚዛን ካለዎት የበለጠ ቀላል ነው፤ 500 ግራም የነበረው ሩዝ አሁን ከ620 እስከ 650 ግራም ቢመዝን ልክ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ደርቋል፣ ውሃ አርከፍክፈው በጨርቅ ሸፍነው ጥቂት ያቆዩት።

ወፍጮ ቤት እርጥብ ሩዝ አይቀበልዎትም፤ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። በቤት መፍጫ በትንሽ በትንሹ እየከፈሉ ይፍጩ፤ ሞተሩ ከሞቀ ዱቄቱንም ስለሚያሞቀውና ስለሚያደርቀው እረፍት ይስጡት። ሙቀጫና ዘነዘና ካለዎት እሱ ይበልጣል፤ ታሚል ናዱም ውስጥ ከመፍጫ በፊት የሚወቀጠው እንዲሁ ነበር። በደቃቅ ወንፊት ነፍተው የቀረውን ሻካራ መልሰው ይፍጩ። ጥሩው ዱቄት በጭብጥ ሲያዝ የጣቶችዎን ቅርጽ ይዞ ይቆማል፣ በአውራ ጣት ሲገፉት ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት፤ ሽሮፑን እስኪጨርሱ ክፍት ከቆየ ድካሙ ሁሉ በነፋስ ይሄዳል።

ለዚህ መጠን 375 ግራም ጃገሪ ይበቃል። ጠቆር ያለውን ይምረጡ፤ በታሚል ገበያዎች ለሽሮፕ የሚሆነው «ፓጉ ቬላም» ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው ሁሉም ጃገሪ ለዚህ ስለማይሆን ነው። አርጅቶ የራሰና የሚያልበው ጃገሪ ምንም ቢያፈሉት አይጠነክርም። ቡናማ ስኳር ሊተካው ይችል እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ አይተካውም። ጃገሪ ውስጥ ያሉት የማይረጉ ስኳሮች ናቸው ጣፋጩን ለቀናት ልስልስ አድርገው የሚያቆዩት፤ በተራ ስኳር የተሠራው በማግስቱ ይሸካክራል። ጃገሪ ካላገኙ ሌላ ጣፋጭ ይሥሩ።

ጃገሪውን ፈጭተው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀስታ ያሟሙትና ያጥልሉት፤ ከሥሩ አሸዋና የአገዳ ጭራሮ አይጠፋም። ድስቱን አጥበው መልሰው በመካከለኛ እሳት ይጣዱት። መጀመሪያ አረፋው ትልልቅና ቀላል ነው፤ ቆይቶ ያንሳል፣ ይወፍራል፣ ድምፁም ይዘገያል። ከዚህ ጀምሮ ከድስቱ አይራቁ። ጠብታ ሽሮፕ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰሃን ይጣሉ። ከተበተነ ገና ነው። እንደ ክር ተዘርግቶ ጣት ላይ ከተንጠለጠለም ገና ነው፤ ሁለተኛው ሙከራዎ ያበቃው እዚህ አካባቢ ይመስላል። በጣትዎ ሲሰበስቡት ተድቦልቡሎ ከወጣ፣ ሲጫኑት እንደ በሰለ ቲማቲም ለስለስ ካለ፣ ከሰሃኑ ጠርዝ ላይ ሲያስቀምጡት ደግሞ ቀስ ብሎ ከተኛ ደርሷል። ሰሃኑ ላይ ሲጥሉት «ቃ» ብሎ ከጮኸ አልፏል። ከክር ወደ ድብልብል የሚያልፈው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በፈተሹ ቁጥር ድስቱን ከእሳት ያውርዱት። በጠብታው ላይ እያሰቡ እሳት ላይ የሚቆየው ድስት ነው ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው። ካለፈ ግን፣ ዱቄት ገና ካልገባበት፣ መዳኛ አለው፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምረው አሟሙተው እንደገና ያብስሉት። ትኩስ ሽሮፕ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ልጆችን ከምድጃው ያርቁ።

እሳቱን አጥፍተው 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል ዱቄትና ከወደዱ 1 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ይጨምሩ። ኮረሪማ የሄል ምትክ አይደለም፤ መዓዛው ሌላ ስለሆነ ጎረቤቶችዎ ወዲያው ያውቁታል። ከዚያ ዱቄቱን በእፍኝ በእፍኝ እያስገቡ በማማሰያ ያማስሉ። ሁሉንም አይጨምሩ፤ ቢያንስ አንድ ኩባያ ለመጠባበቂያ ያስቀሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እጃችን ሊጥ ሲያይ የሚያውቀው የዳቦ ሊጥ ስለሆነ እስኪጠነክር ዱቄት እንጨምራለን። ትኩስ እያለ ሊጥ የመሰለ አዲራሳም በማግስቱ ድንጋይ ነው። ትክክለኛው ከአጥሚት የወፈረ፣ ከገንፎ የላላ ነው፤ ማማሰያውን ሲያነሡት በወፍራሙ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። ያንን ሲያዩ ዱቄቱን ያቁሙ። ከላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅመም የሌለበት የተነጠረ ቅቤ ያፍስሱበት፣ ሲበርድ ከድነው ያሳድሩት።

ማደሩ የሚዘለል ነገር አይደለም። በእነዚያ ሰዓታት እርጥበቱ ከሽሮፑ ወደ ዱቄቱ ይከፋፈላል፣ ሊጡም ራሱ ይጠብቃል። 24 ሰዓት ዝቅተኛው ነው፤ ሁለት ቀን የተሻለ ነው። በታሚል ቤቶች የዲፓቫሊ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ በዘይት ታጥቦ በመልበስ ስለሆነ ጣፋጩ በዋዜማው ተሠርቶ ያልቃል። እርስዎም ሊጡን ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ያቡኩት፣ በዋዜማው ይጥበሱት።

ሲጠብሱ ከሊጡ የሎሚ መጠን ያህል፣ 40 ግራም ገደማ፣ ያድቦልቡሉ። ቅቤ የተቀባ ቁራጭ ኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ላይ በጣትዎ ይጫኑት፤ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከቀጠነ ይደርቃል፣ ከወፈረ መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ከዚህ መጠን 25 ገደማ ይወጣል። የዘይቱ ሙቀት ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ነው፤ ያለ ቴርሞሜትር፣ ቅንጣት ሊጥ ሲጥሉ ወደ ሥር ወርዶ ሦስት ወይም አራት እስኪቆጥሩ ከወጣ ልክ ነው። ወዲያው ብቅ ካለ ዘይቱ በጣም ሞቋል፤ ጃገሪው ያርና ውስጡ አይበስልም። ከሥር ከቀረ ደግሞ ቀዝቅዟል፤ ስታርቹ ሳይጠብቅ ስኳሩ ይቀልጥና ይበተናል፣ ዘይትም ይጠጣል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ በአንድ ጊዜ ይጨምሩ። እስኪንሳፈፍ አይንኩት፤ አንድ ጊዜ ገልብጠው በእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ አካባቢ፣ የቡና ቅላት ሲይዝ ያውጡት። እንደወጣ በሁለት ጠፍጣፋ ጭልፋዎች መሀል ጫን አድርገው ዘይቱን ይጭመቁ፤ ይህን ካልሠሩ በማግስቱ ቅባት ብቻ ይሆናል። ትኩሱ በጣም ለስላሳ ቢመስልዎ ጥሬ ነው ብለው አይመልሱት፤ ሲበርድ ይጠነክራል።

ሁልጊዜ አንድ ብቻ ጠብሰው ይሞክሩ። ከተበተነ ሌላ አይጨምሩ፤ ካስቀሩት እርጥብ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምረው በደንብ አሽተው ለአንድ ሰዓት ያሳርፉና ይድገሙት። የስንዴ ዱቄት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ መጠባበቂያ ዱቄት ካለቀ አንድ ማንኪያ ስንዴ ያያይዘዋል፣ ብዙ ቤቶችም ያደርጉታል። ከዚያ ካለፈ ጣፋጩ የዳቦ ጠባይ ይይዛል። የጠነከረ ሊጥ ደግሞ በእንፋሎት ላይ 5 ደቂቃ ሞቆ በ1 ወይም 2 የሻይ ማንኪያ ሙቅ ወተት ሲታሽ ይለሰልሳል፤ ሽሮፑ ራሱ አልፎ ከነበረ ግን ይህም አይመልሰውም።

የንጥር ቅቤው መልስ አጭር ነው፤ አይሆንም። የእኛ ንጥር ቅቤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና አብሽ አለበት፣ በአንዳንድ ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይገባዋል። የሕንዱ ጊ ያለ ምንም ቅመም የተነጠረ ነው። ለጋ ቅቤ ገዝተው በዝግታ አንጥረው፣ አረፋውን ገፈው፣ በጨርቅ አጥልለው ለሊጡ ይጠቀሙ። ለመጥበሻው ሽታ የሌለው የአትክልት ዘይት ይበቃል፤ አዲስ ይሁን እንጂ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ሽንኩርት የተጠበሰበት አይሁን። ታሚሎች ሁሉ ሥጋ አይበሉም ማለት አይደለም፤ በዲፓቫሊ ዕለት የበግ ወይም የፍየል ወጥ የሚሠራባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለአምላክ የሚቀርበው ጣፋጭ ግን ከዚያ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይሠራል፤ ሳይቀርብም አይቀመስም። ስለዚህ ለመቅመሻ የሚሆነውን መጀመሪያ ለብቻ ጠብሰው፣ የሚወስዱትን ሳይነኩ ያስቀምጡ። አንዳንድ ቤተሰብ ለመሥዋዕቱ የሚያቀርበው በራሱ ማድቤት የተሠራውን ብቻ ነው፤ የእርስዎን ግን በደስታ ይበላል። ስጦታዎን በጠረጴዛው ላይ ቢያገኙት እንጂ በጸሎቱ ስፍራ ባያዩት አይክፋዎት። በነገራችን ላይ በሊጡና በማድቦልቦያው ቅቤ ፈንታ ዘይት ከገባ አዲራሳም ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ ነው።

የምመክርዎ ይህን ነው፤ በዚህ ሳምንት በ250 ግራም ሩዝና በ190 ግራም ጃገሪ አንድ ጊዜ ይሞክሩ። ቴርሞሜትሩን ትተው ሰሃን ውሃ ይዘው ይቁሙ፤ ድብልብሉን አንድ ጊዜ በጣትዎ ካወቁት ሁለተኛ አይጠፋዎትም። ለበዓሉ የጠበሱትን ወንፊት ላይ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ ያቀዝቅዙ። ትኩሱን ከከደኑት ያልበዋል፣ በላቡም ይሻግታል። ከዚያ በቆርቆሮ ዕቃ ሳይደራረብ፣ ከተደራረበም በመካከሉ ወረቀት ገብቶበት፣ ለአንድ ሳምንት ያለ ፍሪጅ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሩዙ ይደርቃል።